የቤታችን አየርና የሚሸጥልን ማጽጃ

በዚህ ወበቅ ደጅ ነፋስ መቀበሉን ትታችሁ አዳራሽ ውስጥ ለመቀመጥ ስለፈቀዳችሁ አመሰግናለሁ። ርእሳችን የቤት ውስጥ አየር ስለሆነ መስኮቶቹ ሁሉ እንዲከፈቱ አስቀድሜ ለምኛለሁ፤ የባጃጁ ድምፅ ቢረብሸን ቻሉት።

ሰዎች ደጋግመው ከሚጠይቁኝ ጥያቄ ልነሣ። «የአየር ማጽጃ የሚባለው ማሽን እውነት ይሠራል? ልጄ አስም አለባት፣ ልግዛላት ወይ?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃቸዋለሁ፤ «ቤታችሁ ውስጥ ምን ይነዳል?» ብዙዎቹ ይህን ሲሰሙ ጥያቄያቸውን የሸሸሁ ይመስላቸዋል። ግን ማሽኑ ይጠቅም አይጠቅም የሚወሰነው ከማሽኑ ይልቅ ቤቱ ውስጥ በሚነደው ነገር ነው። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ይህን ለማስረዳት ነው።

መጀመሪያ ስለ ቤቶቻችን። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከተማችንም የባቡሩ ልጅ ናት። ፈረንሳዮቹ የከዚራን ሠፈር ሲሠሩ ኤሲ የሚባል ነገር አልነበረም። ስለዚህ ግድግዳውን ወፍራም፣ ጣሪያውን ከፍ ያለ፣ መስኮቱን ረጅምና ባለ ሽንሽን መዝጊያ አደረጉት፤ በረንዳም አዞሩበት። ከእነዚያ አሮጌ ቤቶች አንዱ ውስጥ ከሰዓት በኋላ የተቀመጠ ሰው ነፋሱ በአንዱ መስኮት ገብቶ በሌላው ሲወጣ በቆዳው ያውቀዋል። ዛሬ በሳቢያንም፣ በገንደ ቆሬም የምንሠራው ቤት ብሎኬትና ቆርቆሮ ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ መስኮቱ በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ እሱም ለሌባ ተብሎ በብረት፣ ለትንኝ ተብሎ በወንፊት፣ ለአቧራ ተብሎ በመጋረጃ ይሸፈናል። አቅም ያለው ኤሲ ያስገባና ጭራሹን ይዘጋዋል።

ኤሲውን ካነሣን፣ በዚህ ከተማ ከማውቃቸው የተሳሳቱ እምነቶች ትልቁ እሱ ላይ ነው። «እኛ ቤት ኤሲ ስላለ አየሩ ንጹሕ ነው» ይባላል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የተለመደው ኤሲ ከውጭ አየር አያስገባም። የክፍሉን አየር ይስባል፣ ያቀዘቅዛል፣ መልሶ ያንኑ ይተፋል። ፊቱን ከፍታችሁ የምታዩት የፕላስቲክ ወንፊት ፀጉርና ወፍራም አቧራ ይይዛል፤ ጭስ ግን እንዳለ ያልፈዋል። ቬንትሌተርም ያው ነው፤ ላብ ያደርቃል እንጂ ያለውን አየር ነው የሚያማታው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ አምስት ሰው ቢቀመጥ አምስቱ የተነፈሱትን ተመልሰው ይተነፍሱታል። ከመካከላቸው አንዱ ሳንባ ነቀርሳ ካለበት ደግሞ ቅዝቃዜው ለማንም አይደርስለትም።

አሁን ወደ እሳቱ እንምጣ። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ውጤት በአገራችን ከአሥር ቤት ከዘጠኙ በላይ የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በመሳሰሉት ነው። ይህ የገጠር ነገር የሚመስለው ካለ የአዲስ አበባውን ልጥቀስለት። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ ጉስቁልቁል ባሉ ሠፈሮች 59 ቤቶች ውስጥ ደቃቁን ብናኝ ለካ። ደቃቅ ብናኝ ስል ውፍረቱ ከ2.5 ማይክሮን የማይበልጠውን ማለቴ ነው፤ አንድ የራስ ፀጉር ውፍረቱን ለሠላሳ ብትከፍሉት ያህላል። ይህ ብናኝ በአፍንጫ ፀጉርና በጉሮሮ አክታ አይያዝም፤ ሳንባ ውስጥ ጥልቅ ብሎ ይገባል፣ ከዚያም ወደ ደም ይሻገራል፤ ልብንም የሚጎዳው በዚህ መንገድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መመሪያ በ24 ሰዓት አማካይ ከ15 ማይክሮግራም በኪዩቢክ ሜትር እንዳይበልጥ ይላል። በእነዚያ ቤቶች የተገኘው አማካይ 818 ነው። እንጨትና ከሰል በሚያነዱት 1,134፣ ነጭ ጋዝ በሚያነዱት 637።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሦስተኛው ቁጥር ነው። «ንጹሕ» በሚባለው ኃይል በሚያበስሉት ቤቶችም 335 ተገኝቷል። ምድጃ የቀየረ ሰው ሁሉ ከጭስ አይገላገልም። ቡናው አለ፣ ዕጣኑ አለ፣ የጎረቤት ጭስም አጥር አያግደውም።

ቡናውን በተመለከተ ራሱን የቻለ ልኬት አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ሌላ ጥናት በአሥር የአዲስ አበባ ቤቶች የቡና ሥነ ሥርዓት እየተካሄደ ለካ። ቡና የምታፈላው ሴት በዚያ ሰዓት ብቻ የምትተነፍሰው ብናኝ የቀኑን አማካይ ከመመሪያው በላይ ያደርስባታል፤ ጠጪዎቹም ቢሆኑ ከእሷ ብዙም አልተሻሉም። ተመራማሪዎቹ ለብናኙ ዕጣኑን ጠረጠሩ። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው የከሰል ጋዝ መጠን ደግሞ በሁሉም ቤቶች ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰዓት ከፈቀደው አለፈ። እዚያው ጥናቱ ላይ ተመራማሪዎቹ ይህን መቀነስ ከባድ እንደሚሆን ጽፈዋል፤ ባህሉ ሥር የሰደደ ነው፣ ሌላ ማገዶም እንደልብ አይገኝም።

እኔ ቡና ተዉ ልላችሁ አልመጣሁም። ድሬ ላይ ቆሜ ይህን ብል ከዚህ አዳራሽ በሰላም የምወጣ አይመስለኝም። ሉባኑንም፣ ዑንሲውንም፣ ከርቤውንም ተዉ አልልም። ግን የት እንደሚጨስ፣ ስንት እንደሚጨስና በሩ ክፍት መሆን አለመሆኑን ማሰብ ይቻላል።

ትንሽ ስሌት አብረን እንሥራ። ርዝመቱ 4፣ ወርዱ 4፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ ሳሎን አስቡ፤ 48 ኪዩቢክ ሜትር አየር ይይዛል። ስለ ዕጣን ጭስ የተጻፉ ጥናቶች አንድ ግራም ዕጣን ሲጨስ ከ45 ሚሊግራም በላይ ብናኝ እንደሚያወጣ ይናገራሉ፤ አንድ ግራም ሲጋራ የሚያወጣው 10 ገደማ ነው። የእኛ ሙጫ እንደየዓይነቱ ከዚህ ከፍም ዝቅም ሊል ይችላል፤ ለስሌቱ ግን 45ን እንያዝ። ለ48 ስናካፍለው በእያንዳንዱ ኪዩቢክ ሜትር ከ900 ማይክሮግራም በላይ ይደርሳል። አንድ ግራም ማለት በሁለት ጣት የምትቆነጠር ናት። ማጨሻው ላይ የምንጥለው ደግሞ አንድ ቁንጣሪ ብቻ አይደለም።

ከሰሉ ግን ከዚህ ሁሉ ይብሳል፤ እዚህ ላይ ቆም ብለን እንነጋገር። እናቶቻችን ከሰል ሲያቀጣጥሉ ደጅ ነው የሚያደርጉት። ማራገቢያውን ይዘው ጭሱ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ፍሙ ቀልቶ ሲጠራ ምድጃው ወደ ቤት ይገባል። ይህ ልማድ ለብናኙ እውነትም ይረዳል፤ ዓይን የሚያቃጥለው ጭስ ደጅ ቀረ። ለካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ምንም አያደርግም። ይህ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ አያስልም፤ በደንብ ከቀላው ፍምም ይወጣል። ደማችን ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ የሚይዘው እሱን ነው። ጋዙ ቦታውን ከያዘ በኋላ ኦክስጅን ቢመጣም ማረፊያ አያገኝም። ሰው አየር እየተነፈሰ ታፍኖ የሚሞተው በዚህ ነው።

አንድ ኪሎ ከሰል ሲነድ 200 ግራም ገደማ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰዓት የፈቀደው መጠን በኪዩቢክ ሜትር 35 ሚሊግራም ነው። ያን ሳሎናችንን ለኤሲው ብለን ጥብቅ አድርገን ብንዘጋው፣ እዚያ መጠን ለመድረስ የሚበቃው ከሰል ስምንት ግራም ገደማ ነው፤ ከሁለት የስኳር ማንኪያ ብዙም አይበልጥም። አንድ የቡና ምድጃ የሚይዘውን ደግሞ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ኤሲ ከከፈታችሁ ፍም አታስገቡ፤ ፍም ካስገባችሁ ኤሲ ዝጉና በር ክፈቱ። ሁለቱ በአንድ ክፍል አይዋሉ።

እንግዲህ ማሽኑ። ደህና የሚባለው የአየር ማጽጃ የሚሠራው በጣም ተራ በሆነ መንገድ ነው፤ አየሩን በፋን ስቦ በማጣሪያ ውስጥ ያሳልፈዋል። ማጣሪያው ሄፓ ይባላል፤ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አሜሪካኖች አቶሚክ ቦምብ ሲሠሩ ጨረር ያለበትን ብናኝ ለመያዝ ያዘጋጁት ነው። እውነተኛው ሄፓ 0.3 ማይክሮን የሚያህለውን ብናኝ ከመቶ 99.97 እጁን ይይዛል። «ከዚያ ያነሰውስ ያመልጣል?» የሚል ሰው አለ። አያመልጥም። 0.3 የተመረጠው ለመያዝ አስቸጋሪው መጠን ስለሆነ ነው። ከዚያ የሚበልጠው የማጣሪያው ክር ላይ ይጋጫል፤ በጣም የሚያንሰው ደግሞ ቀጥ ብሎ መሄድ አይችልም፣ ወዲያ ወዲህ ሲንቀዠቀዥ ራሱ ሄዶ ይለጠፋል።

ስለዚህ ለአቧራ፣ ለዕጣን ጭስ፣ ከጎዳና ለሚገባ የናፍጣ ጥላሸት፣ በትንፋሽ ለሚተላለፍ ተሕዋስ ማሽኑ ይሠራል። ሲገዛ የሚታየው ቁልፍ ቁጥር በሰዓት ስንት ኪዩቢክ ሜትር ንጹሕ አየር እንደሚሰጥ ነው፤ ካርቶኑ ላይ ሲ.ኤ.ዲ.አር. ተብሎ ይጻፋል። የክፍሉን አየር በሰዓት አምስት ጊዜ ማዞር አለበት ብላችሁ ያዙ። ለ48ቱ ሳሎናችን 240 ያስፈልጋል ማለት ነው። በዚህ አቅም፣ ዕጣኑ ከቆመ በኋላ ብናኙ በየስምንት ደቂቃው በግማሽ ይወርዳል፤ ከ900 ወደ 15 ለመድረስ ሃምሳ ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። ዕጣኑ እየጨሰ ከሆነ ግን ማሽኑ ሲያወጣ እኛ ስንጨምር እናመሻለን። ወርዱና ርዝመቱ አምስት አምስት፣ ከፍታው አራት ሜትር በሆነ የከዚራ ክፍል ደግሞ 500 የሚሰጥ ማሽን ያስፈልጋል። ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጠው፣ በዩ.ኤስ.ቢ. የምትሠራው፣ ቁጥሯ ያልተጻፈባት ትንሿ ዕቃ ከመብራትነት በላይ አትረዳም።

ሄፓው የማይነካው ግን የከሰሉን ጋዝ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ብናኝ አይደለም፤ በማጣሪያው ውስጥ እንደ ተራ አየር ያልፋል። አንዳንዱ ማሽን የተፈጨ ጥቁር ከሰል የያዘ ሁለተኛ ማጣሪያ አለው፤ እሱ ሽታንና የቀለም ትነትን ለጊዜው ይመጥጣል፣ ሲጠግብ ደግሞ ይተወዋል፤ ሞኖክሳይዱን ግን እሱም አይዝም። የማሽኑን ጉዳት ፈልግልን ብትሉኝ የመጀመሪያው ይኸው ነው። ጭሱ ስለጠፋ ቤቱ የጸዳ ይመስላል፤ የሚያስለን፣ ዓይናችንን የሚያስነባው፣ «በሩን ክፈቱት!» የሚያሰኘን ምልክት ሄዷል፤ ገዳዩ ቀርቷል።

ሁለተኛውን ጉዳት ለማሳየት አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። እዚሁ ከተማችን ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቆች በአንዱ ቆሜ ስመለከት፣ ልጁ ሳጥን የምታህል ዕቃ አነሣና ሶኬት ላይ ሰካት። ሰማያዊ መብራት በራ።

«ጋሼ፣ ጠጋ ብለው ያሽትቱ» አለኝ።

አሸተትኩ። ስል ያለ ሽታ አለው፤ መብረቅ ከጣለ በኋላ፣ ወይም ፎቶ ኮፒ ቤት ብዙ ሲታተም የሚሸት ዓይነት።

«የተራራ አየር ነው። ማጣሪያ መቀየር የለ፣ ወጪ የለ። አቦ፣ ይሄ እኮ አየሩን ያጥበዋል!»

ልጁ አላታለለኝም፤ የተነገረውን ነው የሚነግረኝ። ያ ሽታ ግን ኦዞን ነው። ሰማይ ላይ ከፍ ብሎ ሲገኝ ከፀሐይ ይከላከልልናል፤ አፍንጫችን ሥር ሲሆን ግን ሳንባን የሚልጥ፣ አስም የሚቀሰቅስ ጋዝ ነው። ሽታውን የሚያጠፋው በሁለት መንገድ ነው፤ አንዳንዱን ያቃጥለዋል፣ የማሽተት ስሜታችንንም ያደነዝዘዋል። ብናኙ ግን እዚያው ነው። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ከሚሊዮን 0.050 እጅ በላይ ኦዞን የሚያወጣ የቤት አየር ማጽጃ እንዳይሸጥ ከልክላለች። እዚያ መሸጥ የማይችል ዕቃ ሌላ አገር ገዢ ይፈልጋል፤ የት እንደሚሄድ መገመት አያቅትም።

ለእኛ ቤት ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለው። ዕጣን ደስ የሚል ሽታ የሚሰጡት ፓይኒንና ሊሞኒን የሚባሉ ዘይቶች አሉበት፤ ሎሚ ሽታ ያለው የወለል ሳሙናም ሊሞኒን አለበት። ኦዞን እነዚህን ሲያገኝ አብሯቸው ይዋሃድና ፎርማልዲሃይድ የሚባለውን መርዝና እጅግ ደቃቅ አዲስ ብናኝ ይፈጥራል። ማጽጃው ቆሻሻ አመረተ ማለት ነው። ዕጣን በሚጨስበት ቤት ኦዞን የሚያወጣ ማሽን ማስገባት ከማንም በላይ እኛን ይጎዳናል።

«አዮን» ይለቃል የሚባለው ማሽንም የዚህ የቅርብ ዘመድ ነው። ብናኙን በኤሌክትሪክ እየሞላ ግድግዳና ጠረጴዛ ላይ ያስለጥፈዋል፤ አንዳንዱ ከዚያ ጋር ኦዞን ያወጣል። ሻርፐር ኢሜጅ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ አዮኒክ ብሪዝ በሚል ስም ይህን ዓይነት ማሽን በብዛት ይሸጥ ነበር። ኮንሱመር ሪፖርትስ የተባለው የሸማቾች መጽሔት ፈትሾት «ያን ያህል አያጸዳም» ብሎ ጻፈ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2003 ከሰሰ፤ በማግስቱ ዓመት ፍርድ ቤቱ ክሱን ውድቅ አደረገው። በ2005 መጽሔቱ ደግሞ ስለ ኦዞኑ ጻፈ፤ በ2008 ኩባንያው ኪሳራ አወጀ። እንዲህ ዓይነት ፈታሽ መጽሔት እኛ ዘንድ የለም፤ ሸማቹ ራሱ ፈታሽ መሆን አለበት።

የደቡብ ኮሪያው ታሪክ ከዚህም ይከብዳል። እዚያ የክፍል አየር የሚያረጥብ ማሽን ውሃው እንዳይበከል ተብሎ ጀርም ገዳይ ፈሳሽ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ይሸጥ ነበር። በቆዳ ላይ ብዙም የማይጎዳው ፈሳሽ እንደ ጉም ተረጭቶ ሳንባ ሲገባ ሌላ ሆነ። ሐኪሞች ነገሩን የደረሱበት በ2011 ነው፤ እስከዚያ በርካታ እርጉዞች፣ አራሶችና ሕፃናት ሳንባቸው ጠንክሮ ሞተዋል። ከዚህ የተነሣ አንድ ደንብ ይዣለሁ፤ ከአየር ላይ አንድ ነገር የሚያነሣ ማሽን ይታሰብበት፣ አየር ላይ አንድ ነገር የሚጨምር ማሽን ግን ቤቴ አይገባም። «ጀርም ይገድላል»፣ «ያውዳል»፣ «ኦክስጅን ይለቃል» ቢባልም ያው ነው።

አየር ላይ ስለሚጨመር ነገር ካነሣን፣ ስለ ትንኝ ማባረሪያም ልናገር። እዚህ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊ፣ በ2019 ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ያስተኛው ቺኩንጉንያ አልፎብናል። ወባውም በከተማ መሐል በሚራባው ስቴፈንሲ በተባለው አዲስ ትንኝ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2022 ተነሥቶብን ነበር። ስለዚህ ትንኝን መፍራታችን ትክክል ነው። ነገር ግን እየተቃጠለ የሚጨሰው ጥምዝምዙ የትንኝ ማባረሪያ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲለካ፣ አንዷ ጥቅልል ተቃጥላ እስክታልቅ የምታወጣው ደቃቅ ብናኝ ከ75 እስከ 137 ሲጋራ ከሚያወጣው ጋር እኩል ሆኖ ተገኝቷል። ሕፃን በተኛበት ዝግ ክፍል ውስጥ አድራ እንደምትጨስ አስቡት። አጎበር ጭስ የለውም። የመስኮት ወንፊትም ጭስ የለውም፤ ደግሞም መስኮቱን ከፍቶ ለማደር ያስችላል። የውሃ በርሜሉን መክደን ከሁለቱም ይቀድማል፤ እነዚህ ትንኞች የሚራቡት ግቢያችን ውስጥ ባለው በዚያ ውሃ ነው።

ታዲያ ማሽን ማን ይግዛ? ቤቱ ውስጥ ምንም የማይነድ፣ ግን ጎዳና ዳር ወይም አቧራ የሚበዛበት ሠፈር ሆኖ አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ያለው ቤተሰብ ቢገዛ ገንዘቡ አልባከነም። በሽተኛው የሚተኛበት ክፍል ውስጥ ይቀመጥ፤ ሌሊቱን ሙሉ ይሥራ፤ በሩ ይዘጋ። ማጣሪያው ደግሞ እንደሚቀየር አስቀድሞ ይታሰብ። በዕጣንና በጥላሸት የተሞላ ማጣሪያ እጃችሁ ላይ የሚጣበቅ ግራጫ ጨርቅ ይመስላል፤ ታጥቦ አይመለስም፤ ሄፓን ማጠብ ማበላሸት ነው። መለዋወጫው ድሬዳዋ ውስጥ ወይም አዲስ አበባ እንደሚገኝ ሳታረጋግጡ ማሽኑን አትግዙ። መብራት ሲጠፋ ማሽኑም እንደሚጠፋ አትርሱ። በእጁ መሥራት የሚወድ ወጣት ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ኮርሲና ሮዘንታል የተባሉ አሜሪካውያን ያሳዩት ዘዴ አለ፤ አራት ወይም አምስት ጠፍጣፋ የአየር ማጣሪያ በሳጥን መልክ ተጣብቆ ላዩ ላይ አንድ ቬንትሌተር ይደረግበታል። ደህና ማጣሪያ እስከተገኘ ድረስ ከብዙ ባለ ስም ማሽን አይተናነስም፤ ሽቦው ያረጀ ቬንትሌተር ግን አትጠቀሙ።

ከሰል ቤት ውስጥ ለሚነድበት ቤተሰብ ግን መልሴ ሌላ ነው። ያን ገንዘብ ለምድጃ አድርጉት። ላቀች የከሰል ምድጃና ምርጥ ምጣድ ማገዶ ይቆጥባሉ፤ ጭሱን ይቀንሳሉ እንጂ አያስቀሩትም፤ ይህን ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድና ስቶቭ ግን ከቤት ውስጥ ማገዶውን ራሱን ያስወጣሉ። ጎረቤታችን ጅጅጋ አጠገብ በቀብሪ በያህ የስደተኞች ካምፕ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ በመጣ ኤታኖል የሚሠራ ምድጃ ጋያ ማኅበር አዳርሶ ነበር፤ በሞቃት አገር በድንኳን ለሚኖር ሰው የተቻለ ነገር ነው። መብራቱ ቢጠፋ፣ ኪስ ቢጎድል፣ ከሰል ግድ ቢሆን፣ ምድጃው በረንዳ ላይ ይሁን። ለድሬ ሰው በረንዳ ላይ ቡና መጠጣት ቅጣት አይደለም። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ የሚያገኝ ሰው ካለ፣ ከማንኛውም ማጽጃ በፊት እሱን ይግዛ።

መስኮቱን ደግሞ አትናቁት። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ስምንት ሆስፒታሎች ውስጥ ነቀርሳ እንዳይተላለፍ የአየሩን ዝውውር ለካ። በማሽን አየር የሚዞርባቸው ክፍሎች በሰዓት 12 ጊዜ ይለውጣሉ ተብለው የተሠሩ ናቸው። መስኮትና በር የተከፈተላቸው ክፍሎች 28 ጊዜ ለወጡ። ከሃምሳ ዓመት በፊት የተሠሩት፣ ጣሪያቸው ከፍ፣ መስኮታቸው ሰፊ የሆነው አሮጌዎቹ ደግሞ 40 ደረሱ፤ አዲሶቹ 17 ላይ ቀሩ። ይህን ሳነብ ከዚራ ትዝ አለችኝ። ቤት ልትሠሩ ያሰባችሁ፣ ክሊኒክ ወይም መማሪያ ክፍል የምታሠሩ፣ መሐንዲሳችሁን ሁለት ትይዩ መስኮትና ከፍ ያለ ጣሪያ ጠይቁት። አሁን ባለው ቤት ደግሞ ከግድግዳው ጫፍ ጣሪያው ሥር አንድ ብሎኬት በቀዳዳ ብሎኬት መተካት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ትኩስ አየርና ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ መውጫ ያገኛል።

ሺሻና ሲጋራን በአጭሩ ልለፋቸው፤ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሕዝብ መገልገያ በሆነ ዝግ ስፍራ ማጨስ ክልክል ነው። በርጫ ቤት ጥግ ላይ ማጽጃ አስቀምጦ ማስጨስ ሕጉንም፣ ሳንባውንም አያታልልም።

የመጨረሻው ቃሌ ስለ ከሰል ነው። ከሰል በነደደበት ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ራሴን አመመኝ፣ አቅለሸለሸኝ፣ ጉልበቴ ከዳኝ ካለ፣ በተለይም ቤት ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲህ ከተሰማው፣ ምች ነው፣ ድካም ነው ብላችሁ እንዲተኛ አታድርጉ። በርና መስኮት ክፈቱ፤ ሰውየውን ወደ ውጭ አውጡት፤ ምድጃውንም አስወጡ። ወተት ማጠጣትና ውሃ ማፍሰስ ጊዜ ማባከን ነው፤ መድኃኒቱ ኦክስጅን ነውና ወዲያው ሐኪም ቤት አድርሱት፣ ከሰል እንደነበረም ለሐኪሙ ንገሩት። ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው ልታወጡ ስትገቡ በሩን በርግዳችሁ፣ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ግቡ፤ አንዱ ሌላውን ሊያወጣ ገብቶ አብሮ የሚቀርበት አጋጣሚ አለና። ፍም ያለበት ምድጃ ቤት ውስጥ እያለ ማንም አይተኛ። አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ።